ያልተመዘነው የአንኮበር ምርቃት

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ቤት ውስጥ ያለውን ባቄላ ሁሉ ፈተሽኩ። ከዚያ ወደ ምስሩ ሄድኩ። ሽምብራው ላይ ስደርስ የባለቤቴ የጌታቸው ትዕግሥት አለቀና፣ "አንቺ ሴት፣ ይሄ እኮ ሊበላ የተገዛ ነው! ማንም ናሙና አምጪ አላለሽም" ብሎ ትሪውን ከፊቴ አነሳው። እውነቱን ነው። ግን ምን ላድርግ? ጣቶቼ ዕድሜያቸውን ሙሉ እህል ሲዳስሱ ኖረው አሁን ሪሞት ይዘው ይቀመጡ?

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም ያው ሪሞት ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥን ስከፍት፣ እኛ ያለንበት የቀጣናው አገሮች ኅብረት የኅብረቱ አባል ካልሆነች ጎረቤታችን ጋር የነበረውን የፖለቲካና የኢኮኖሚ አጋርነት አደሰ ተባለ። ባለሥልጣናቱ ተፈራረሙ፣ ዶሴ ተለዋወጡ፣ ካሜራው እስኪጠግብ ድረስ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ። እንባዬን በነጠላዬ ጠረግኩ። ጌታቸው ግራ ገብቶት፣ "ምነው? ዘመድሽ አለ እንዴ እዚያ ውስጥ?" አለኝ።

"ዘመድስ የለኝም፤ ባቄላዬ ግን አለ" አልኩት።

የኅብረቱንም የጎረቤታችንንም ስም አልጠራም። ሁለቱም ዛሬ ወዳጆቼ ናቸው፤ የማወራው ደግሞ የተኳረፍንበትን ጊዜ ነው።

ሥራ የጀመርኩት እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው፣ በእህል ጥራት ተቆጣጣሪነት። የመጀመሪያ ቀን ሽክ ብዬ፣ ሽቶ ተቀብቼ ገባሁ። አለቃዬ የሚሆኑት ሰው፣ ጋሽ ወርቅነህ፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ተቀበሉኝና አፍንጫቸውን ትንሽ ነፋ አደረጉ።

"ልጄ፣ ሽቶሽ ጥሩ ነው። ግን ዛሬ ባቄላው ሁሉ አንቺን አንቺን ሊለኝ ነው። እስቲ ወጣ በይና ታጠቢ።"

በዚያ ብርድ፣ በዚያ ውኃ! እጄ ደንዝዞ እያለቀስኩ ተመለስኩ። እሳቸው ሳቁብኝ፣ ጋቢያቸውንም አውልቀው አለበሱኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሥራ ሽቶ ተቀብቼ አላውቅም።

ጋሽ ወርቅነህ የአንኮበር ሰው ናቸው፣ የቄስ ልጅ። በልጅነታቸው ዲቁና ነበራቸውና እህል ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ሲታጠቡ ቅዳሴ የሚገቡ ይመስላሉ። ሳሙና አይነኩም፣ ሽታው አፍንጫ ያታልላል ይላሉ። ፍተሻ ባለበት ጠዋት ሽንኩርት ያለበት ምግብ አይቀምሱም። ሻጩ "ይሄን ጆንያ ይዩልኝ" ካላቸው በትሕትና አመስግነው ያልፉትና ግድግዳ ሥር የተሸጎጠውን ያስወጣሉ። ጆንያ የምንወጋበት፣ ሆዱ የተቦረቦረ የብረት ዘንግ አለን፤ እሱን ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ከወገቡ ዝቅ አድርገው ይሰዱታል። "አፉ ላይማ ሁሉም ጆንያ ጨዋ ነው" ይሉ ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ፀሐዩ ነበር። ናሙናውን ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግተው፣ ከቢሮው ኋላ ነፋስ በማይደርስበት ግድግዳ ሥር ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ከዚያ በርጩማ ስበው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ሰሞን ፀሐይ መሞቅ ያማራቸው መስሎኝ ነበር።

"ነቀዝ ብርድ ላይ ይተኛል" አሉኝ አንድ ቀን። "እኛ አገር ንጹሕ የመሰለ ባቄላ ቆላ ሲወርድ ነፍስ ይዘራል። እስከ ቆላ ተከትለነው ከምንወርድ ቆላውን እዚህ ብናመጣለት አይሻልም?"

እውነትም ጥቂት ቆይቶ፣ ጨርቁ ላይ አንድ ጥቁር ነገር እግሯን ዘርጋ ዘርጋ ታደርጋለች። ቀስ በቀስ እኔም ተማርኩ። ነቀዝ ያለበት ባቄላ ልጡ ላይ ክብ የሆነች፣ ከሌላው ቦታ የሳሳች ነጥብ አለችው፤ ትሉ ሊወጣ ያዘጋጃት መስኮት ናት። በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ካለ ደርቋል፤ ለመም ካለ ገና ነው። ጋሽ ወርቅነህ ጥርሳቸውን ለመንግሥት ሰጥተው ነው ጡረታ የወጡት ብለን እንቀልድባቸው ነበር። ለገበሬ ደግሞ "እህልህ መጥፎ ነው" ብለው አያውቁም። "ይሄንን ለቤት አድርገው፣ ያንን ለገበያ" ነው የሚሉት፤ ሰውየው ተቀንሶበት እንኳ መርቋቸው ይሄዳል።

ከዚያ እኔም ተዘዋወርኩ። መዘዞ ላይ ገብስ ስፈትሽ ዘንጉ ከብርዱ የተነሳ እጄ ላይ ይጣበቅ ነበር። አረርቲ ወርጄ ጤፍና ሽምብራ ላይ ስሠራ ደግሞ በላብ ተጠመቅኩ። እዚያ የነበረው አለቃዬ ስብሰባ የሚወድ ሰው ነበር፤ ስለ ስብሰባ ማብዛት የሚወያይ ስብሰባ ጠርቶን ያውቃል። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ስለ ደመወዙ አትጠይቁኝ፤ ጌታቸው አስተማሪ ባይሆንና በሁለት ኪስ ባንኖር ኖሮ ይህን ሁሉ በደስታ አላወራውም ነበር። በመጨረሻ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩና በጋሽ ወርቅነህ ወንበር ተቀመጥኩ። እሳቸው ጡረታ ወጥተው አንኮበር ገብተው ነበር።

አሁን ታደሰ የተባለው ስምምነት መጀመሪያ የመጣው ያኔ ነው።

ከዚያ በፊት እኛ እህሉን እንፈትሻለን፣ እናትማለን፤ መኪናው ድንበር ሲደርስ ጎረቤቶቻችን ጆንያውን ሁሉ አውርደው እንደገና ይፈትሹታል። መኪና ፀሐይ ላይ ይሰለፋል፣ ሾፌር ይማረራል፣ ነጋዴው የከሰረውን ሁሉ መልሶ ከገበሬው ዋጋ ላይ ይቀንሳል። አዲሱ ስምምነት ውስጥ ትልልቅ ነገሮች ነበሩ፤ ስለ ወደብ፣ ስለ ፀጥታ፣ ስለ መብራት። እኛን የነካችን ግን አንዲት አንቀጽ ናት፤ በላኪው አገር የተፈተሸ እህል ድንበር ላይ ሳይፈታ ይለፍ የምትል። የእኛን ማኅተም እመኑ ማለት ነው። ለሙከራ የአንኮበር ባቄላ ተመረጠ። ከተሳካ ለሌላውም እህል ይሠራል፤ ካልተሳካ አንቀጿ ትሰረዛለች ተባለ።

የአንኮበሩን የገበሬዎች ማኅበር የሚመሩት እትዬ አስካለ ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ግን ከገደሉ ማዶ የሚሰማ ሴት ናቸው። ባቄላው እንደተወቃ ደላሎች መጥተው ነበር። እትዬ አስካለ ግን፣ "የእኛ ባቄላ ድንበር ሊሻገር ነው፤ ሂዱ ወደዚያ!" ብለው መለሷቸው። ገበሬው ሁሉ እሳቸውን አምኖ እህሉን ይዞ ቆየ። ያ ሁሉ ሰው የዓመት ልፋቱን በእሳቸው ቃልና በእኔ ማኅተም ላይ ጣለው ማለት ነው።

ፍተሻውን በደንብ ነው ያደረግኩት። ጆንያውን ከጎኑ ወጋሁ፣ ናሙናውን ፀሐይ ላይ አሰጣሁ፣ ነከስኩ፣ አሸተትኩ። አንዲት ነቀዝ አልነበረችም። እንዲያውም እንደዚያ ያማረ ባቄላ አይቼ አላውቅም። ወረቀቱን ሞልቼ አተምኩ። በደንቡ መሠረት የእኔ ሥራ እዚያ ላይ አለቀ፤ ጆንያውን መስፋትና መጫን የማኅበሩ ሥራ ነው። በነጋታው መኪናው እልል ተብሎለት ሄደ ሲሉኝ ደስ አለኝ።

ከዚያ ስልክ ተደወለልኝ። በጎረቤታችን በኩል ያለው የድንበር ኬላ ተቆጣጣሪ ዑመር ነበር። ስልጠና ላይ ተዋውቀናል። አማርኛውን ከሾፌሮቻችን ነው የለመደው፤ ስለዚህ ሴቱን ሁሉ "ማዘር"፣ ወንዱን ሁሉ "ፋዘር" ነው የሚለው።

"ማዘር፣ መኪናሽ ቆሟል" አለኝ። "መጀመሪያ ኪሎው ተረፈ። ከዚያ ስንፈታው፣ ይሄዳል።"

"ምንድን ነው የሚሄደው?"

"ባቄላው ነዋ!"

እትዬ አስካለን ይዤ ወረድኩ። ቆላው እንደ ምድጃ ነው። እሳቸው ለክብር ብለው የደረቡትን ካባና ጋቢ አንድ በአንድ እያወለቁ፣ ኬላው ስንደርስ በቀሚስና በነጠላ ብቻ ቀሩ። ባቄላው ሸራ ላይ ፈሷል። ጎንበስ አልኩና አየሁት። የእኔ ያማረው ባቄላ አለ፤ በመሀሉ ግን ጠቆር ያለ፣ ልጡ መስኮት በመስኮት የሆነ አሮጌ ባቄላ ተቀላቅሎበታል። ነቀዙ በሙቀቱ ነቅቶ ሸራው ላይ ይርመሰመሳል።

"ማዘር፣ እኔ እዚህ ኬላ ላይ ጆንያ ሲጎድል ነው የማውቀው" አለ ዑመር። "ሲተርፍ አይቼ አላውቅም። የተረፈ ነገር ደግሞ የተደበቀ ነገር ነው። ምንድን ነው የጨመራችሁበት?"

እትዬ አስካለ ቱግ አሉ። "የተደበቀ? ኧረ በሥላሴ! ምርቃት ነው እንጂ!"

"ምርቃት ምንድን ነው?"

"እንዴ! ሰው እህል ሲገዛን ለክተን ብቻ እንሰጣለን እንዴ? ከልኩ በላይ ጨመር አድርገን ነው የምንሸኘው። እናንተ ደግሞ ጎረቤት ናችሁ፤ ገና መጀመሪያችሁ ነው። ለክተን ብቻ ብንልክ ምን ትሉናላችሁ? እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት ሰስታሞች ናቸው አትሉንም?"

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። መኪናው ሊጫን ሲል እያንዳንዱ ቤተሰብ ከየቤቱ በቁና ባቄላ ይዞ መጥቶ፣ ገና ባልተሰፋው ጆንያ አፍ ላይ ጨምሯል። ጎታቸው ደግሞ ምድጃ አጠገብ ነው የሚቆመው፤ ሞቃት ነው፣ ከርሞ ያደረ ባቄላ አለበት። ድሃዋም ሳትቀር ጨምራለች። የሰረቀ የለም፣ ያጭበረበረ የለም። ለጎረቤት ክብር ብለው ነቀዝ ላኩ።

ዑመር እትዬ አስካለን ያያቸዋል። ልቡ እንደራራ አውቄያለሁ። አለቃው ግን፣ "ወረቀቱ ሌላ፣ መኪናው ሌላ ይላል። ይህን ማኅተም እንዴት እንመን?" አለ። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ሌላ የምለው የለኝም። መኪናው ተመለሰ፣ አንቀጿም ሥራ ላይ እንዳትውል ታገደች።

መንገዱን ሙሉ አልቅሼ ነው የተመለስኩት። እትዬ አስካለ ያ ሁሉ ድምፃቸው ጠፍቶ በመስኮት ይመለከታሉ። ዳገቱን ወጥተን ብርዱ ሲቀበለን፣ "በላይነሽ፣ ማኅተምሽን አበላሸሁብሽ" አሉኝ። "ኧረ እትዬ፣ አይበሉ" አልኳቸው። እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ ገበያ መውጣት ተዉ። ደላሎቹ ተመልሰው መጥተው በረከሰ ዋጋ ሲገዙ፣ "ባቄላችሁ እንዴት ነው፣ አገር አይቶ መጣ?" እያሉ ያላግጡ ነበር አሉ። ይህ ነው በሥራ ዘመኔ ሁሉ የከበደኝ። ማኅተም ምን ያደርግልኛል? የሰዎቹ አንገት መድፋት ነው ያቃጠለኝ።

ጋሽ ወርቅነህ ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን ስነግራቸው ሳቁ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

"ገበሬ ጨምሮ ተቀጣ በይኛ!"

"አይሳቁ እንጂ ጋሽዬ፣ እኔ ተቃጥዬ ነው የመጣሁት።"

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉና፣ "ሰው ሲሰርቅ በየት በኩል እንደሚሰርቅ አስተምሬሻለሁ" አሉ። "ሰው ሲጨምር ምን እንደሚደረግ ግን እኔም አላውቅ። እስቲ አንቺ አስቢበት። ብቻ አትጨምሩ ብለሽ እንዳትከለክያቸው። የተከለከለ ሰው ተደብቆ ይጨምራል።"

አሰብኩበት። ኅብረቱና ጎረቤታችን የጋራ ኮሚቴያቸውን ደብረ ብርሃን ሲሰበስቡ የመናገር ዕድል ስጡኝ አልኩ። ያ ሁሉ ባለሥልጣን፣ አብዛኛው ከብርዱ የተነሳ በካፖርት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሁለት ነገር ጠየቅሁ። አንደኛው፣ ጆንያው ናሙናው እንደተወሰደ እኛው ፊት ይሰፋ። ሁለተኛው፣ ምርቃቱ ለብቻው በትንሽ ነጭ ከረጢት ይሁን፤ እሱም ይፈተሽ፣ ከመኪናው ጭነት በላይ ይታሰር። ከኅብረቱ የመጣው ባለሙያ ገጽ ሲያገላብጥ ቆየና በጨዋነት፣ "ስምምነቱ ውስጥ ምርቃት የሚባል ነገር የለም" አለ። እውነቱን ነው፣ የለም።

ከጎረቤታችን ሰዎች ጋር የመጣው ዑመር እጁን አወጣ። "ፋዘር፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የጎደለ ስፈልግ ነው የኖርኩት። አሁን የተረፈ መጣ ብለን ነው የምንጣላው? ይጻፍና ይለፍ።"

አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ ሳቁ ሲበርድ ባለሙያው ራሱ ብዕሩን አንስቶ ቃሉን እንዴት እንደሚያስገባው ይጠይቀኝ ጀመር። ሌላ ሙከራ ተፈቀደልን፣ የምርቃቱ ክብደት ወረቀቱ ላይ ከተሞላ ብቻ።

በደስታ እየበረርኩ አንኮበር ሄድኩ። እትዬ አስካለ ሰምተው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አይሆንም።"

"ምኑ ነው የማይሆነው እትዬ?"

"ምርቃት ይመዘናል እንዴ? ይፈተሽ ካልሽ ይፈተሽ፤ የነቀዘ መስጠት ነውር መሆኑን አሁን አይቻለሁ። የመዘንኩት ነገር ግን ምርቃት አይደለም፤ ሽያጭ ነው። እኔ ሰጥቼ ስንት እንደሰጠሁ ልጻፍ? ኧረ ወዲያ!"

ለመንኳቸው፤ ንቅንቅ የለም። አንድ መስመር ባለመሞላቷ አገርና አገር የተፈራረሙት አንቀጽ ሊቀር ነው። ተናደድኩ፤ እግዚአብሔር ያየኛል፣ በሩን ሳልዘጋ ነው የወጣሁት። ገደሉ አፋፍ ድረስ ሄጄ ቆምኩ። ቆላው ከሥር ተዘርግቶ ይታያል፣ እዚያ ማዶ በጉም ውስጥ ጎረቤቶቻችን አሉ። እዚያ ቆሜ ሳለሁ የሴትዮዋ ነገር ልክ ሆኖ ታየኝ። ሰጪው አይመዝንም። ተቀባዩ ቢመዝንስ?

ስልኬን አውጥቼ እዚያው ለዑመር ደወልኩለት። የምርቃቱን ክብደት እኛ ባዶውን እንተወዋለን፤ አንተ ተቀብለህ፣ በራስህ ሚዛን መዝነህ ትሞላለህ፤ የጻፍከውን እንቀበላለን አልኩት።

"ማዘር፣ እዚህ ኬላ ላይ እስካሁን ሚዛኔን ያመነ የለም" አለኝ። "ሁሉም የራሱን ይዞ ነው የሚከራከረኝ። እሺ። አለቃዬን እኔ አሳምነዋለሁ።"

አሳመነውም። ወረቀቱ ላይ ከምርቃቱ ፊት ለፊት "ክብደቱ በተቀባዩ ይሞላል" የሚል መስመር ገባ። እትዬ አስካለ አስነብበው ሰሙና፣ "አሁን ጨዋ ሆናችሁ" አሉ። የሚቀጥለው የአንኮበር ባቄላ ሲጫን ጆንያውን እኛው ፊት ሰፍተው፣ ነጩን ከረጢት ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ ከአዲሱ ምርት በቁናው እየጨመረ ሞላው። እኔም ፀሐይ ላይ አስጥቼ ፈተሽኩት። መኪናው ድንበሩን አንድም ጆንያ ሳይፈታ አለፈ። ከአንኮበር ቀጥሎ የመዘዞው፣ ከዚያ የአረርቲው ሄደ። ደላሎቹም ዋጋቸውን ማስተካከል ግድ ሆነባቸው። እትዬ አስካለ ገበያ በወጡበት በመጀመሪያው ቀን ድምፃቸው ከሩቅ ተሰማኝ፤ ከደላላ ጋር ሲከራከሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ዘመኔ የደስታ ነው፤ ስለዚህ ብዙ የሚወራ የለውም። ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቴ ብርድ ልብስ ሸለመኝ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ሌላ ምን ይሸለማል? ጋሽ ወርቅነህ በከዘራ ተደግፈው መጥተው መረቁኝ። ዑመር ግን አልመጣም፣ አልደወለምም። ትንሽ ከፍቶኝ ነበር።

ያ በቴሌቪዥን ያየሁት ፊርማ ሳምንት ሳይሞላው በራችን ተንኳኳ። ከድንበር የተመለሰ የአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። እትዬ አስካለ ለገበያ መጥተው እኛ ቤት ምሳ እየበሉ ነበር። ሾፌሩ ትንሽ ነጭ ከረጢት ደጃፉ ላይ አስቀመጠና፣ "ዑመር ነው የላከው። ጡረታ የወጣሁ እንደሆን ብቻ ነው ስጦታ የምልክላት፣ ወይ እሷ የወጣች እንደሆን፤ ሥራ ላይ እያለን ነውር ነው ብሏል" አለኝ።

ከረጢቱን ፈታሁት። ተምር ነው፣ የሚያብረቀርቅ፣ የለሰለሰ። ሳላስበው ትሪ አምጥቼ በፀሐይ ላሰጣው ስል እትዬ አስካለ እጄን መታ አደረጉት። "ተዪው እንግዲህ! ይሄ ይበላል።" ጌታቸው ከወንበሩ ላይ ሆኖ፣ "ተመስገን፣ ሰው አገኘሁ!" አለ።

ከረጢቱ አፍ ላይ የታጠፈ ወረቀት ታስሯል። የእኛው ወረቀት ነው፤ ያው መስመር አለበት። ላኪ በሚለው ላይ የዑመር ስም ተሞልቷል። ከምርቃቱ ፊት ለፊት ያለው ግን ባዶ ነው፣ "ክብደቱ በተቀባዩ ይሞላል።"

እትዬ አስካለ፣ "ምን ይላል? አንብቢልኝ" አሉኝ። አነበብኩላቸው። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰድ አደረጉ። ሾፌሩ መልስ ይዤ እመለሳለሁ ብሎ በር ላይ ቆሟል። ጓዳ ውስጥ ሚዛን አለን፤ አላመጣሁትም። ክብደት በሚለው መስመር ላይ "ደርሶናል፤ ተርፎናል" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። እትዬ አስካለም ከፊርማዬ ሥር ጣታቸውን በቀለም ነክረው አተሙ።